ጀርባውንም አሳዩን

አሮጌ ፎቶና ፖስት ካርድ የሚሰበስብ፣ የሚሸጥ፣ በኢንተርኔት የሚለጥፍ ሰው ሁሉ የሚያሳየን ፊቱን ነው። እኛ ጀርባውንም እንጠይቃለን። ጀርባው ላይ ስም አለ፤ ቀን አለ፤ የፎቶ ቤት ማኅተም አለ፤ አንዱ ለሌላው የጻፈው የመውደድ ቃል አለ። ስሙ የጠፋበት ፎቶ ከእሳት ተርፎ ይሆናል እንጂ ገና አልዳነም። ይህን የምንጽፈው ጉዳዩ ፋታ ስለማይሰጥ ነው። በእነዚያ ፎቶዎች ውስጥ ያሉትን ሰዎች በስም የሚጠሩ አባቶችና እናቶች ዕለት በዕለት እየተለዩን ነው።

አንድ ፎቶ ቀረብ ብለን እንይ። ከ1950ዎቹ ዓ.ም. የአዲስ አበባ ፎቶ ቤቶች የወጣ፣ ዓይነቱ በብዙ ቤት የሚገኝ ነው። ከመዳፍ አይበልጥም፤ ነጩ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ሆኖ ተቆርጧል። ሁለት ወጣቶች አሉበት። አንዱ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ሌላው እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ቆሟል። ከኋላቸው መጋረጃው ላይ በቀለም የተሣለ ሐይቅና የድንጋይ ደረጃ ይታያል። የተቀመጠው ሰዓቱ እንዲታይለት የግራ እጅጌውን ሰብሰብ አድርጓል። ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል፤ ከፎቶ ቤቱ የተዋሰው ሳይሆን አይቀርም፤ ኮትና ክራባት ለደንበኛ የሚያውሱ ፎቶ ቤቶች ነበሩና። ሁለቱም አይስቁም። ፎቶ መነሣት ቁም ነገር ነበር፤ ተቆጥቦ፣ ተለብሶ፣ ተቀጣጥሮ የሚኬድበት። አሁን ገልብጡት። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በተጠነቀቀ የተማሪ ቤት ፊደል፣ ለጓደኛ ለማስታወሻ የተሰጠ መሆኑ ተጽፏል፤ የሰጪው ስም ከነአባቱ አለ፤ ከሥሩ «ሚያዝያ 12 ቀን 1958 ዓ.ም.» ይላል። ጥግ ላይ ሐምራዊ ማኅተም ተመቷል፤ ግማሹ ደብዝዟል፤ የፖስታ ሣጥን ቁጥሩ ግን ይነበባል።

እንዲህ ያለ ፎቶ አውሮፓ ውስጥ ከአንድ አሮጌ ዕቃ ገበያ ወጥቶ በኢንተርኔት ጨረታ ላይ ሲቀርብ ሻጩ ፊቱን ብቻ ስካን ያደርግና «ሁለት አፍሪካውያን፣ 1958» ብሎ ይጽፍበታል። ሚያዝያ 12 ቀን 1958 ዓ.ም. በእሱ አቆጣጠር ኤፕሪል 20 ቀን 1966 ነው። በአንዲት መስመር ስም ጠፋ፣ አገር ጠፋ፣ ስምንት ዓመት ጠፋ። ሻጩን አንወቅሰውም፤ የሚያነብለት ሰው አላገኘም። የሚያነብለት ሰው ግን አለ። ደሴ ወይም አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጦ ስልኩን እየነካካ ነው። ምናልባትም ያ ኮት የሰፋበት ወጣት አጎቱ ነው።

እምነታችን ይኸው ነው። ፎቶውና ፎቶውን የሚያውቀው ሰው ተለያይተዋል። አሮጌ ፎቶ በኢንተርኔት የማጋራት ትርጉሙ ሁለቱን ማገናኘት ነው። ለናፍቆት መተከዣ፣ «ድሮ ቀረ» እየተባባሉ ለመቆዘሚያ ብቻ የሚለጠፍ ፎቶ ሥራውን አልሠራም። አንድ ሰው ከታች «ይቺ እኮ አክስቴ ናት» ብሎ የጻፈበት ፎቶ ሠርቷል።

መለያየቱ እንዴት እንደመጣ የማያውቅ የለም። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲመጣ ከጃንሆይ ጋር የተነሡት ፎቶ ከግድግዳ ወረደ። በ1969 ዓ.ም. በቤት ለቤት አሰሳው ሰሞን ስንቱ ቤተሰብ ወረቀቱንና ፎቶውን ምድጃ ውስጥ ከተተ፤ ጓደኛሞች አብረው የተነሡት አንድ ፎቶ የአንዱን መያዝ የሁሉም መያዝ ሊያደርገው ይችል ነበርና። መስቀል አደባባይ ባለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳ ላይ የተደረደሩትን ፊቶች ላየ ሰው፣ አንዲት ጉርድ ፎቶ ለአንዲት እናት ምን እንደሆነች ማስረዳት አያስፈልግም። በ1977 ዓ.ም. ከጎንደር መንደሮች ተነሥተው በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የተሻገሩት ቤተ እስራኤላውያን የተሸከሙት ልጅና ስንቅ ነበር። ወደ አሜሪካ፣ ወደ ጀርመን፣ ወደ ቤይሩትና ወደ ጅዳ የሄደው ሁሉ አልበሙን «በኋላ እወስደዋለሁ» ብሎ ቁም ሣጥን ላይ ትቶት ነው የወጣው።

በሰላሙ ጊዜ የጠፋውም ቀላል አይደለም። አያት ያርፋሉ፤ ሐዘኑ ይወጣል፤ ቤቱ ይሸጣል፤ ከአልጋ ሥር የተገኘው ካርቶን ለቆራሌው ይሰጣል። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ በጥድፊያ ቤታቸውን የለቀቁ ሰዎች መጀመሪያ ያወጡት ፍራሽና ድስት ነው፤ ማን ይፈርድባቸዋል? ፎቶ ሁልጊዜ ከሚቀሩት ዕቃዎች ጋር ነው የሚቀረው። ምን አለሽ ተራ የዞረ ሰው ከአሮጌ ሬዲዮና ከተሰበረ ክፈፍ መሀል የሰው ሠርግ አይቶ ያውቃል።

ስም ለማን እንደሚሰጥ የተወሰነው ካሜራ ወደ አገራችን ከገባ ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 የመቅደላን ዘመቻ ያደረገው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎች ይዞ መጥቶ ነበር። ከመቅደላ የተወሰደውን ሕፃን፣ ልዑል ዓለማየሁን፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በዚያው ዓመት ዋይት ደሴት ላይ አንሥታዋለች፤ ያ ያዘነ ፊት ዛሬም ከነስሙ ይታወቃል። በዘመቻው ፎቶዎች ዳር የቆሙት ተሸካሚዎችና በቅሎ ነጂዎች ግን ተሸካሚና በቅሎ ነጂ ሆነው ቀሩ። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ዤራር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ ከ1867 እስከ 1935 የተነሡ የኢትዮጵያ ፎቶዎችን ሰብስበውልናል፤ ውለታቸው ትልቅ ነው። መጽሐፉን ስታገላብጡ ግን ንጉሡ፣ ራሱ፣ ደጃዝማቹ ስም አላቸው። ከኋላ ጋሻ የያዘው የለውም።

በፎቶ አንሺዎቹም ዘንድ ነገሩ ያው ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ሥራው ወደ ልጆቹ ወደ ሃይጋዝና ወደ ቶኒ ተላልፏል። ሽመልስ ደስታ የጃንሆይን ቤተ መንግሥት፣ በኋላም የደርግን ባለሥልጣናት ለሃያ ዓመት ገደማ አንሥቷል፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2007 ለንደን ውስጥ ለሕዝብ ታይቷል። የእነዚህን ሰዎች ስም የምናውቀው የቤተ መንግሥት ሰዎች ስለነበሩ ነው። የሐረሩን፣ የጅማውን፣ የደብረ ማርቆሱን ፎቶ አንሺ የሚያስታውሰን ያ የደበዘዘ ሐምራዊ ማኅተም ብቻ ነው። ስለዚህ የማኅተም መዝገብ እንፈልጋለን። በየፎቶው ጀርባ ያለውን የፎቶ ቤት ማኅተም ሁሉ እየሰበሰብን፣ የፖስታ ሣጥኑን፣ የሰፈሩን ስም፣ የስልክ ቁጥሩ ስንት አሃዝ እንደሆነ እየመዘገብን ከሄድን፣ ቀን ያልተጻፈበትን ፎቶ ዘመን ቀን ከተጻፈበት ላይ ማግኘት ይቻላል። ይህ የምሁር ሥራ ብቻ አይደለም። ስልክና ትዕግሥት ያለው የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል።

ፖስት ካርዱን ለብቻ ማንሣት አለብን፤ በደሉ የባሰ ነውና። ፖስት ካርድ በመንግሥት ፖስታ ቤት መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1869 በኦስትሪያ ሃንጋሪ ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ዓለምን አጥለቅልቋት ነበር። ስለ ኢትዮጵያ የታተመው ቀደምት ፖስት ካርድ ብዙው ከሥሩ በፈረንሳይኛ «የአቢሲኒያ ተዋጊ»፣ «የሐረር ሴት»፣ «የአገሬው ዓይነት» ይላል። ዓይነት! በካርዱ ላይ ያለችው እንስራ ያዘለች ሴት እናቷ ያወጣችላት ስም ነበራት፤ ካርዱ ግን የአንድ ሕዝብ ናሙና አድርጎ ሸጣት። በሺዎች ታተመች፤ ማርሴይና ጄኖቫ ድረስ ሄደች፤ አንድ ሰውም ማን እንደሆነች አልጠየቀም።

እኛ እንጠይቃለን። ካርዱ ራሱም ይመልሳል፤ ማንበብ ይጠይቃል እንጂ። ጀርባው በመሀል መስመር ለሁለት ተከፍሎ ለደብዳቤውና ለአድራሻው የየራሱ ቦታ የተሰጠው በእንግሊዝ ከ1902፣ በአሜሪካ ከ1907 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፤ ያልተከፈለ ከሆነ ካርዱ ቀደምት ለመሆኑ ምልክት ነው። ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1908 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ወደ ውጭ የሚሄድ መልእክት የጅቡቲም ቴምብር ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ ካርዱን ገልብጦ ቴምብሩን፣ ማኅተሙንና የጽሑፉን ቦታ ማየት ለሥዕሉ ዘመን ይሰጠዋል። ፊቱን ብቻ የሚለጥፍ ሰው ይህን ሁሉ ማስረጃ ጠረጴዛው ላይ ይዞ ነው ዝም የሚለው።

የጠላት ዘመን ካርዶችና አልበሞች ደግሞ የራሳቸው ሕግ ያሻቸዋል። ኤንሪኮ ዴ ሴታ በወረራው ጊዜ ለኢጣሊያ ወታደሮች የሣላቸው የቀልድ ፖስት ካርዶች ሕዝባችንን እንደ ዕቃ፣ ሴቶቻችንን እንደ ሸቀጥ የሚያሳዩ ናቸው፤ ዛሬም ይሸጣሉ። በዚያው ገበያ ወታደሮቹ ራሳቸው ያነሷቸው የግል አልበሞች ይሸጣሉ፤ በአንዱ ገጽ ሽርሽር፣ በሚቀጥለው ስቅላት። እነዚህ እንዲቃጠሉ አንሻም። ኢያን ካምቤል ስለ የካቲት 12 ጭፍጨፋ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው መጽሐፍ ወራሪዎቹ ያነሷቸው ፎቶዎች በወራሪዎቹ ላይ ምስክር ሆነው ቆመዋል። የምንሻው ከነጀርባቸው፣ ከነአልበማቸው ቅደም ተከተል እንዲመዘገቡና የተገደለው ሰው ስም እንዲፈለግ ነው። አልበም በታትኖ ፎቶ በፎቶ የሚሸጥ ነጋዴ የምስክሩን ቃል እየቆራረጠ ነው። በኢጣሊያ ቅኝ ግዛት ዘመን ተገድደው ራቁታቸውን የተነሡ ልጃገረዶች ካርዶችን ግን አንለጥፍም። «ታሪክ ነው» የሚለው ሰበብ አይበቃም። መዝግበን እናስቀምጣለን፤ ለሚያጠና እናሳያለን፤ ለመንደርተኛ ዓይን አንሰጣቸውም፤ አንዴ ተዋርደዋል።

የማጋራቱን ሥራ በተመለከተ ሙግታችን ግልጽ ነው። ከማጣሪያ በፊት፣ ከማሳመር በፊት፣ ከቀለም በፊት ዋናው ቅጂ ይቅደም። ሁለቱም ገጽ ስካን ይደረግ፤ ትንሽ ፎቶ በ600 ዲፒአይ፣ ጥቁርና ነጭም ቢሆን በቀለም፤ ጠርዙ ሳይቆረጥ። ስካነር የሌለው በመስኮት ብርሃን በስልኩ ያንሣ፤ ምንም ካለማንሣት ሺህ ጊዜ ይሻላል። በቴሌግራም የሚላክ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ አለዚያ ምስሉ ተጨምቆ ጀርባ ላይ ያለው ደቃቅ ጽሕፈት አይነበብም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ስንት ስም በመጨመቅ እንደጠፋ ያየ ሰው ግን ትንሽ አይለውም።

በሰው ፊት ላይ የገጽህን አርማ አትምታ። ያንን ፎቶ ያነሣህ አንተ አይደለህም፤ የተነሣኸውም አንተ አይደለህም። ተከታይ ለማብዛት ብለህ የአንድን ሟች ደረት በአርማህ ስትሸፍን የሸፈንከው ሜዳልያውን ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው የየትኛው ጦር አባል እንደነበር የሚናገረው ያ ሜዳልያ ነው። የኮሪያ ዘማች ልጆች ይህን ያውቁታል።

በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፊትን «ማጥራት» የሚባለውንም አጥብቀን እንቃወማለን። የደበዘዘ ዓይን በማሽን ሲሳል የሚመጣው የማንም ያልሆነ ዓይን ነው። ሴት ልጅ አባቷን የምታውቀው ማሽኑ «ጉድለት» ብሎ ባጠፋው ጠባሳ ይሆናል። ቀለም የቀባ ሰው ቀለም መቀባቱን ይጻፍ፤ ከጎኑም ያልተቀባውን ያኑር። ከነጭራሹ ያልነበረ ትዕይንት ፈጥሮ «ብርቅዬ የዐፄ ምኒልክ ፎቶ» ብሎ የሚለጥፍ ሰው የሚያረክሰው ያንን አንድ ፎቶ ብቻ አይደለም፤ ነገ እውነተኛው ሲገኝ የሚያምነው ሰው እንዳይኖር ያደርጋል። መድኃኒቱ አሁንም ጀርባው ነው። ከማሽን የወጣ ምስል የሚያገላብጡት ወረቀት የለውም።

ወረቀቱን ራሱን በደግነት የሚገድሉትም አሉ። ለፍቅር ብለው ፎቶውን ላሚኔት የሚያስደርጉ ልጆች ጥቂት አይደሉም፤ አንዴ በሙቀት ከታሸገ በኋላ ግን ሳይጎዱት የሚያወጡት ነገር የለም። ማጣበቂያ ገጽና ላስቲክ ሽፋን ያላቸው አልበሞችም ፎቶውን እያደር ይበሉታል፤ ጀርባውን ደግሞ ለዘለዓለም ይቀብሩታል። ተጣብቆ የቀረውን በጉልበት አትገንጥሉት፤ ባለበት አንሡት። ጀርባው ላይ መጻፍ ቢያስፈልግ በለስላሳ እርሳስ፣ ጠርዙ አካባቢ፣ ሳይጫኑ።

ሰብሳቢዎችን አንጣላም። በገንዘባቸው ገዝተው፣ በቤታቸው አስቀምጠው ከእሳትና ከዝናብ ያተረፉልን እነሱ ናቸው፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ወመዘክር ሊደርሱበት ያልቻሉት ቦታ ደርሰዋል። የምንላቸው ይህን ነው፦ ወረቀቱ የእናንተ ይሁን፤ ስሙ ግን የቤተሰቡ ነው። ቤተሰብ ሲመጣ ጥሩ ቅጂ በነፃ ይሰጠው። በሕይወት ያለ ሰው «ይውረድልኝ» ሲል ያለ ክርክር ይውረድ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃ አንግቶ የተነሣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ዛሬ አያት ነው፤ ልጆቹ ያንን ፎቶ ከእሱ አፍ ታሪኩን ሰምተው ይዩት እንጂ ከማያውቁት ሰው ገጽ ላይ ከነስድቡ አያግኙት። ስም እንፈልጋለን ማለት ስም እናጋልጣለን ማለት አይደለም።

ይህ ሕልም ብቻ እንዳልሆነ የምናውቀው የተሠራበት ቦታ ስላለ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2008 ፍሊከር ኮመንስ ላይ የመቶ ዓመት ዕድሜ ያላቸው የጋዜጣ ፎቶዎች ሲለጥፍ ብዙዎቹ የተሟላ መግለጫ አልነበራቸውም። በወራት ውስጥ ተራ ሰዎች የጎዳናውን፣ የመርከቡን፣ የተጫዋቹን ስም እየጻፉ በመቶዎች የሚቆጠሩ መዝገቦች እንዲታረሙ አድርገዋል። ቤይሩት ውስጥ ፎቶ አንሺዎችና አርቲስቶች በ1997 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት የአረብ ምስል ፋውንዴሽን ከየቤተሰቡ አልበምና ከየፎቶ ቤቱ ምድር ቤት የአንድን አካባቢ መልክ ሰብስቧል። እኛም አገር ወንጌል አበበ፣ ናፍቆት ገበየሁና ፊሊፕ ሹትስ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» ብለው ከየቤቱ ካርቶን ያወጧቸው ፎቶዎች መጽሐፍ ሆነዋል። ሠርጉ፣ ሽርሽሩ፣ አዲሷ ቮልስዋገን አጠገብ የተነሣው ቤተሰብ፣ ሚኒስከርት የለበሰችው የባንክ ሠራተኛ ተመልሰው መጡ። እነሱ በር ከፍተዋል። እኛ በዚያ በር ጎንደርን፣ ድሬዳዋን፣ ነቀምትን፣ ጎባን፣ መቀሌን ማስገባት እንፈልጋለን።

የምናየውን እንናገር። የአያቷን የፎቶ ቤት ማኅተም ከአንድ ፎቶ ጀርባ ላይ አንብባ በስሙ የምትፈልግ ልጅ፣ እሱ ያነሣቸውን ፎቶዎች ከአምስት አገር ተሰብስበው የምታገኝበትን ቀን እናያለን። ሮም ያለው ሰብሳቢ «ይህን ጽሑፍ የሚያነብልኝ ማን ነው?» ብሎ ሲለጥፍ ሻይ ሳይቀዘቅዝበት መልስ የሚያገኝበትን ቀን እናያለን። «የሐረር ሴት» የተባለችው፣ ዕድል ከቀናት፣ ከነአባቷ ስም የምትጠራበትን ቀን እናያለን። ለሁሉም እንደማይደርስ እናውቃለን። ለአንዷ ከደረሰ ግን ለሌላዋ መፈለግ ግዴታ ይሆናል።

የፎቶ ቤት ልጆችና ወራሾች ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድመን እናንተን እንለምናለን። አባታችሁ ያጠበበት ጨለማ ክፍል ዛሬ ዕቃ ቤት ሆኖ ይሆናል። በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የተጠቀለሉትን ኔጋቲቮች «ማን ይፈልጋቸዋል?» ብላችሁ አትጣሉ። ሽታቸው እንደ ኮምጣጤ ከሆነ መበላሸት ጀምረዋል፤ ከሌሎቹ ለዩአቸው፤ አየር በሚያገኝ ቀዝቃዛ ቦታ አድርጓቸው፤ ቀድመው ስካን እንዲደረጉም ድምፅ አሰሙ። የደንበኛ መዝገብ ደብተር ካለ ከኔጋቲቩ እኩል ጠብቁት። የቁጥሩና የስሙ መገናኛ እሱ ነው።

የቀራችሁት ሁሉ፣ ለመጪው እንቁጣጣሽ ወይም ለፋሲካ ቤተሰብ ሲሰበሰብ አልበሙን ከቁም ሣጥን አውርዱ። ከቡና በኋላ እማማን ወይም ጋሼን መሀል አስቀምጡ፤ ስልኩን ድምፅ ቀድቶ እንዲቆይ ከፍታችሁ ጠረጴዛው ላይ አኑሩት። ፎቶውን አሳይታችሁ «ይሄ ማን ነው?» ብቻ አትበሉ፤ ከግራ ወደ ቀኝ በተራ ጠይቁ፣ ፎቶውን ማን እንዳነሣው ጠይቁ፣ ልብሱን ማን እንደሰፋው ጠይቁ፣ በዚያን ቀን ከፍሬሙ ውጭ ማን ቆሞ እንደነበር ጠይቁ። «ዘነጋሁት» ሲሉ እሱንም ጻፉት፤ ሌላ ዘመድ ያስታውሰው ይሆናል። ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ስም ላይ ከተከራከሩ ሁለቱንም ስም መዝግቡ። ከዚያ ፎቶውን ፊትና ጀርባ አንሥታችሁ ከድምፁ ጋር ውጭ ላለው ዘመድ ሁሉ ላኩት፤ በፋይል።